የአባታቸውን ድምፅ የወሰዱት የአሻንጉሊት አጫዋች፣ የአቶ አሎይስ ኮትርባ ዜና ሕይወት

አቶ አሎይስ ኮትርባ ከአሻንጉሊት አጫዋቹ ከአባታቸው ከአቶ ቮይቴክ ኮትርባና የአሻንጉሊቶቹን ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ከእናታቸው ከወይዘሮ አንየዥካ፣ በምሥራቅ ቦሄሚያ በክሩዲም ከተማ አጠገብ፣ ቤተሰቡ ከመንደር መንደር ይዞርበት በነበረው ሠረገላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በብርዱ ወራት በክሩዲም እየተማሩ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ከአባታቸው ጋር እየዞሩ፣ ፊደልንና ክር መሳብን በአንድነት ቀሰሙ። መምህራቸው ለእናታቸው "ይህ ልጅ የእንጨት አሻንጉሊት ካልያዘ አይናገርም" ብለው መክሰሳቸው በቤተሰቡ ዘንድ ሲያስቅ ኖሯል።

በዚያ ሙያ አንድ ሰው ብቻውን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የንጉሡንም፣ የልጃገረዲቱንም፣ የሰይጣኑንም ድምፅ ያወጣል። የአጫዋች ድምፅ የራሱ ነውና ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ልጁም ቢሆን አይወስደውም፤ የሚወረሰው ከቀብር በኋላ ነው። አቶ ቮይቴክን ያስከበራቸው የውሃው ሽማግሌ ተረት ነበር፤ ኮቱ ውሃ የሚያንጠባጥበውና የሰመጡ ሰዎችን ነፍስ በተደፋ ኩባያ ሥር የሚያስቀምጠው ያ ሽማግሌ በእሳቸው ጉሮሮ ሲናገር ሕፃናት እናቶቻቸው ጉያ ይገቡ ነበር።

አቶ አሎይስ በሃያ አምስት ዓመታቸው ወይዘሮ ያርሚላን አግብተው ልጃቸውን ሊቡሼን ወለዱ፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸውም ይህን ተረት ወደ ቀልድ ለወጡት። በእሳቸው ጨዋታ ሽማግሌው የማን ነፍስ በየትኛው ኩባያ ሥር እንዳለ ይዘነጋል፣ ሲያስነጥስ ኩባያዎቹ ይገለባበጣሉ፣ ያመለጡት ነፍሳትም ኮቱን አውልቀው፣ ጨምቀው ገመድ ላይ ያሰጡበታል። ይህ ባልከፋ፤ ለሽማግሌው የሰጡት ድምፅ ግን የአባታቸው ነበር፣ ከነሳሉ፣ በወለቀ ጥርሳቸው በኩል ከሚያመልጠው ፉጨትና "እህ፣ ልጆቼ፣ ምን ላድርጋችሁ" ከምትለው አባባላቸው ጋር። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ተቀምጠው ያዩት አባታቸው መጋረጃው ሲዘጋ መጥተው፣ አሻንጉሊቱን ከልጃቸው እጅ ወስደው በመንጠቆው ሰቀሉና "እኔ እኮ ገና አልሞትኩም፣ ሎይዛ" ብለው በልጅነት የቁልምጫ ስማቸው ጠርተዋቸው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታቸው ወደ መጋረጃ ጀርባ አልተመለሱም።

አቶ አሎይስ ከፍቅር እንዳደረጉት ዘወትር ይናገሩ ነበር፣ እውነትም ነው፤ ጭብጨባውንም ወደውት ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ይህን እንዳንዘለው ያዘዙን ራሳቸው ናቸው። ይቅርታ መጠየቁን ከዛሬ ነገ ሲሉ፣ ወይዘሮ ያርሚላ "ሰውየው ደጃፉ ላይ ውሻ አላሰረብህም፣ ሂድ እንጂ" እያሉ ሲወተውቷቸው ሰባት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ሄዱ። አባትና ልጅ ሁለት ሁለት ቢራ ጠጥተው፣ ስለዚያ ዓመት የድንች ምርት አውርተው፣ ዋናውን ነገር ሳያነሱ ተለያዩ፤ ወር ሳይሞላም አባታቸው አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ድምፁ በደንቡ የእሳቸው ሆነ። ጨዋታውን ከአርባ ዓመት በላይ ተጫወቱት፣ የሦስት ትውልድ ሕፃናት ሳቁበት፤ እሳቸው ግን ጨዋታው ባለቀ ቁጥር አሻንጉሊቱን አባታቸው በሰቀሉበት መንጠቆ ራሳቸው ይሰቅሉት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በያዛቸው የጉሮሮ በሽታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸውን አጡ። ባለፈው የጸደይ ወራት ሙያውን ለያዘችው ልጃቸው፣ የውሃውን ሽማግሌ በእሳቸው በአባቷ ድምፅ እንድትጫወተው በወረቀት ጽፈው አዘዟት። "አባዬ፣ ነውር ነው፤ በሕይወት አለህ እኮ" ብላ ብታለቅስም "ያልኩሽን አድርጊ" ብለው ጻፉላት። ተጫወተችው፤ ሰዉም ከልቡ ሳቀ። ሲያበቃ ወረቀት ተቀብለው "ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል። በጣም ያማል" ብለው ጻፉ። በማግሥቱ ወደ አባታቸው መቃብር እንድንወስዳቸው ጠየቁ። እዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ደቂቃ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ቃል ግን አልወጣም፣ የሰማቸውም የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰማንያ አራት ዓመታቸው ያረፉት አቶ አሎይስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያርሚላን፣ ልጃቸውን ሊቡሼን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የማነብላችሁን እኔን እህታቸውን ዝደንካን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይቀበል፤ አባታችን አቶ ቮይቴክ ቀድመው ያናግሯቸው፣ ለወንድሜም የሚመልሱበትን ድምፅ አምላክ ይስጣቸው። አሜን።