የሱሉልታ ንፋስና ቀላሉ መቆሚያ

አንድ ጊዜ የራሴን ጥፋት በአንድ ሽማግሌ ላይ አላክኬያለሁ። ያኔ አዲስ ሙሽሮች ነበርን፤ ባለቤቴ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ገበያ ለገበያ እየዞረ ፎቶ ያነሳል፣ እኔም ዕቃውን ተሸክሜ እየሳቅሁ እከተለዋለሁ። ያ ጊዜ አሁንም ይናፍቀኛል። ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ልንገዛ ስንሄድ እሱ ከባዱን የእንጨት መቆሚያ አነሳ። «የሱሉልታን ንፋስ የሚችለው ይሄ ነው» አለኝ። «ተሸካሚዋ እኔ፣ መራጩ አንተ?» ብዬ ቀጭኑንና ቀላሉን አስገዛሁት።

ሱሉልታ ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ የታመሙ ሚስታቸውን ደግፈው ሜዳው ላይ ተቀመጡልን። ንፋሱ መቆሚያውን ሲያንቀጠቅጠው አየሁ፤ ባለቤቴ «አላልኩሽም?» እንዳይለኝ ዝም አልኩ። ፎቶውን አሳጥበን ስንመለስ ሴትዮዋ ተቀብረዋል፤ ሌላ ፎቶ ደግሞ የላቸውም። ኦቦ ገመቹ አተኩረው አይተው፣ «ልጄ፣ ፊቷ የታለ?» አሉኝ። ባለቤቴ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩና «እርስዎ ተነቃንቀው እኮ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው። እጃቸውን አዩት። «እውነትሽን ነው፤ እንዳይበርዳት ነጠላዋን ሳስተካክል ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ለመጣ ሁሉ ያንን የደበዘዘ ፎቶ እያሳዩ፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ይሉ እንደነበር ሰማሁ። እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ። እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።