ክንዴ ላይ ያለው ማስረጃ

በቀደም እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ አንድ ኮሌጅ ልመዘገብ ሄጄላችሁ፣ የኮሌጁ ነርስ «የክትባት ወረቀት ካላመጣህ ክላስ አትጀምርም» አትለኝም! ኮራ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩና እንደ ሁላችንም በልጅነቴ የተከተብኩበትን የክንዴን ጠባሳ አሳየኋት። አገር ቤት ከዚህ የበለጠ ማኅተም የለም። እሷ ግን ፈገግ እንኳ ሳትል «ጠባሳ አንቀበልም» ብላ ለቲቢ ምርመራ ሌላኛውን ክንዴን ወጋችኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱን ላሳያት ስመለስ የተወጋሁበት ቦታ አብጦ ድንች አክሏል። «ቲቢ ይዞኛል ማለት ነው?» አልኳት።

«አይዞህ፣ ልጅ ሆነህ የቲቢ ክትባት ስለተከተብክ ሊሆን ይችላል። የእናንተ አገር ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያብጣችሁ።»

«ተመስገን! ታዲያ መከተቤን ካመንሽ መዝግቢኛ!»

ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። «ወረቀቱን ይዘሃል?»