ለቀዩ ንጉሥ የማልኩት መሐላ

በእኛ ጊዜ ሰው አንድ ንጉሥ ነበረው፣ እሱንም ቢሆን ከሩቅ ነው የሚያየው። እኔን ተመልከቱኝ እንግዲህ፣ በአንድ ቀን ለሁለት ንጉሥ ያደርኩ ሰው፣ ያውም እዚሁ አትላንታ። አትሳቂ ሐና፣ ይልቅ ስልኩን ጠጋ አድርጊውና ቅጂ።

ታዲያ ያኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮንየርስ በሚባል ሰፈር ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፈረንጆቹ የድሮ ዘመናቸውን ልብስ ለብሰው የሚጫወቱበት ትልቅ ሜዳ አለ፣ እዚያ መኪና ፓርክ አስደርጋለሁ። እና ጎራዴ የታጠቀ ሰው ከቶዮታ ሲወርድ ታያላችሁ፣ እኔም ልማድ ነውና ለሁሉም ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። አንድ እሁድ ጠዋት ቴአትሩን የምታሠራው ሚስ ካሮል አየችኝ። "አንተ፣ እንደዚህ እጅ መንሳት ማን አስተማረህ?" አለች። "አባቴ" አልኳት። "በል ና፣ መስፍኑን የሚጫወተው ልጅ እግሩን ወለም ብሎታል፣ ዛሬ መስፍኑ አንተ ነህ" አለች።

የመስፍኑን ነገር እንዲህ ብላ አጫወተችኝ። ግንቡ የሁለት ነገሥታት ድንበር ላይ ነው፤ ቀዩ ንጉሥ "የእኔ ነህ" ይለዋል፣ ሰማያዊው ንጉሥ "የለም፣ የእኔ ነህ" ይለዋል። እና መስፍኑ ጠዋት ለቀዩ ይምላል፣ ከሰዓት በኋላ ከድቶ የግንቡን ቁልፍ ለሰማያዊው ያስረክባል፣ ሜዳው ሊዘጋ ሲል ቀዩ ይይዘውና አንገቱን ያስቆርጠዋል። "ከዚያስ?" አልኳት። "ከዚያማ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ" አለች።

ታዲያ የእንግሊዝኛው መሐላ ረዘመብኝ። "በራስህ ቋንቋ ማል፣ ማን ይሰማሃል" አለችኝ። እኔም ከፋይ ለብሼ፣ ላባ ያለው ባርኔጣ ደፍቼ ወጣሁና ቀዩ ንጉሥ ፊት ተንበርክኬ፣ "ንጉሥ ሆይ፣ አልከዳዎትም፣ አልማዝ ትሙት አልከዳዎትም" አልኩ። ፈረንጁ አጨበጨበ።

አልማዝ እንግዲህ ይቺው፣ ጓዳ ያለችው ሚስቴ ናት። ሥጋ ስገዛ አልማዝ ትሙት፣ ካርታ ስጫወት አልማዝ ትሙት፣ አፌ ለምዶታል። ግን በዚያው ዓመት ልቧን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሞት ነው የተመለሰችው። ሆስፒታሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የፈራሁትን ፍርሃት በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ይዤ ወደ ሰማያዊው ንጉሥ ስሄድ፣ ፊት ወንበር ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? አልማዝ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ የስኮትዴል ጎረቤቶቻችንን አስከትላ። ለካ የምሠራበትን ሜዳ ሊያዩ መጥተው፣ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ሆነው ሲያዩኝ ነው የዋሉት፣ መሐላውንም ሰምተውታል። እጇን ደረቷ ላይ፣ የተሰፋው ቦታ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

እግሬ እምቢ አለ። ሚስ ካሮል ከመጋረጃው ጀርባ "ስጠው፣ ቁልፉን ስጠው" ትላለች። ሰማያዊው እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል፣ ቀዩ "ከሃዲ" ሊለኝ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አልማዝ ደግሞ ከታች፣ "አንተ ሰውዬ፣ በእኔ ነው እኮ የማልከው፤ መድኃኒቴንም ገና አልጨረስኩ" አለች። ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ብከዳ አልማዝ፣ ባልከዳ እንጀራዬ። እና ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ከግንቡ ግድግዳ ትልቁን ድንጋይ ነቀልኩ፣ ስፖንጅ ነው፣ እንደ ድፎ ዳቦ እንኳ አይከብድም፣ እሱን አንገቴ ላይ ተሸክሜ እያቃሰትኩ በሁለቱ መሐል ተደፋሁ። "ታረቁልኝ፣ ካልታረቃችሁ ድንጋዩን አላወርድም" አልኩ በዚያች በእንግሊዝኛዬ። ቀዩ ሰማያዊውን አየ፣ ሰማያዊው ቀዩን አየ፣ የተሰጣቸው ጽሑፍ ላይ የለማ። ጎረቤቶቻችን "ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እግዚአብሔር" እያሉ ብድግ አሉ፣ ፈረንጁም ምኑንም ሳያውቅ ተከትሎ ብድግ አለ፣ እና ነገሥታቱ ተሳሳሙ፣ ምን ያድርጉ። ቁልፉን እኔ ኪሴ ከተትኩት።

አንገት ቆራጩ ብቻ መጥረቢያውን ይዞ "እና እኔ ዛሬ ምን ልሥራ?" እያለ ተቆጣ። ሚስ ካሮልም "የእውነተኛው መስፍን አንገቱ ተቆርጧል፣ ታሪክ ነው፣ አይለወጥም" አለችኝ። "የእሱ ሚስት አልመጣችም ነበራ" አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መኪናዎቹ መለሰችኝ፤ ሹመቴም ሽረቴም በአንድ ሳምንት አለቀ።

ያን ዕለት ስንመለስ ፓይን ሌክን እንዳለፍን አልማዝ ክንዴን ያዘችና "ሁለተኛ በእኔ አትማል" አለች። "አልምልም" አልኳት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ስለተቆጣችኝ ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

"ጋሼ፣ ላይክ፣ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልማልክም?" አለች እዚሁ አሜሪካ ያደገችው ሐና።

"አንዴም።"

"ሲሪየስሊ? የምርህን ነው?"

"አልማዝ ትሙት።"

ከጓዳ "ሰማሁህ" የሚል ድምፅ መጣ።