ፊደል የሚያጎላው ፕሮግራም

ከአምቦ ወደ እጃጂ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት የአንድ ቢሮ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሸምገል ያሉ ጸሐፊና አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ።

"ኦቦ ዲንቃ፣ በፍላሽ የጫንኩልዎት ፕሮግራም እንዴት ሆነ?" አለች።

"ማውሱን ያሳረፍኩበትን ፊደል ሁሉ ያጎላልኛል። ኮምፒውተሩ ራሱ ይህን ለምን አያደርግም?"

"የኛዎቹ አሮጌ ናቸው። የሚጎድላቸውን የምንሞላው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው።"

"ዓይኔ መድከሙን ለኃላፊው ነገርሽው?"

"ኧረ አልነገርኩም። አደራ ብለውኝ የለ?"

"እኔ ዛሬ ነገርኩት።"

"ምነው? ከጽሕፈት ሥራ ቢያነሱዎትስ?"

"ቢያነሱኝም ይሁን። ሌላዋ ጸሐፊ አስቴርም እንደኔ የዓይኗን ድካም ደብቃ በግምት ነው የምትጽፈው። እኔ ካልተናገርኩ እሷም አትናገርም። ነገ ለእሷም ጫኚላት።"

ሰው ያየኛል ብዬ ከኪሴ የማላወጣውን መነጽር አውጥቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁት።