ከምግብ በኋላ የሚወሰድ ከረሜላ

ቃል ሰጪ፦ አቶ ሰላሙ ገብረክርስቶስ
ዕድሜ፦ 66
አድራሻ፦ ፓርክዴል፣ ቶሮንቶ፤ ብቻውን የሚኖር
ሥራ፦ የሙዚየም አስጎብኚ
ጉዳዩ፦ ሐኪም ሳይሆኑ እንደ ሐኪም ስለማከም የቀረበ አቤቱታ
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ ፌብሯሪ 10 ቀን 2025፣ ከሰዓት በኋላ 3:15
ቃሉን በአማርኛ ተቀብሎ የጻፈው፦ ኮንስታብል ኤልሮኢ ተክለ ማርያም

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ቃል የመስጠት ግዴታ እንደሌለብኝና የምናገረው በማስረጃነት ሊቀርብብኝ እንደሚችል ከተነገረኝ በኋላ፣ በራሴ ፈቃድ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ኮንስታብሉ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል በመሆኑ ገና እንደተቀመጥሁ «ፊትህ ገርጥቷል፣ እስቲ ምላስህን አውጣ» ብዬው ነበር። «ጋሼ፣ የተከሰሱት እኮ በዚሁ ነው» ስላለኝ ቀልዱን ትቼ ቀጥያለሁ።

የምሠራው በከተማው ሰሜን ምዕራብ ባለ የድሮ መንደር ሙዚየም ውስጥ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ዶክተር ዋልግሬቭ የሚባል የገጠር ሐኪም በኖረበት ቤት ነው። ጥቁር ኮትና ባርኔጣ አድርጌ፣ ሐኪሙን ሆኜ ጎብኚ እቀበላለሁ። ሕክምና ተምሬ አላውቅም። ስለ ሰውየው የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ራሱ ከጻፈው የሥራ ማስታወሻ ሲሆን፣ እሱንም መዝገበ ቃላት ይዤ በሁለት ክረምት አንብቤ ጨርሻለሁ። በበረዶ ላይ ፈረስ በሚጎትተው መንሸራተቻ በቀን አሥር አሥራ አንድ ቤት ያዳርስ ነበር። ያዋልዳል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ የተሰበረ ይጠግናል፤ ላም ስትታመምም የሚጠራው እሱ ነው። መድኃኒት ሲያልቅበት ሚንት ከረሜላ በወረቀት ጠቅልሎ «ከምግብ በኋላ» ብሎ እንደሚሰጥ ጽፏል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚተወው ምሳውን ነው ይላል። እሱም ሚስት አልነበረውም። ይህን ስናገር ጎብኚ ይስቃል። ጎብኚ በማይመጣበት በጃንዋሪ፣ በእሱ ወንበር ተቀምጬ ምሳዬን ስበላ ግን እኔን አያስቀኝም።

ወይዘሮ ኤልፍነሽን ያወቅኋቸው ባለፈው ኦክቶበር በአንድ ተዝካር ላይ ነው። የ81 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ፣ ኖርዝ ዮርክ በሚገኝ አንድ አፓርታማ 14ኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ሆሣዕና የምትኖረው ሩቅ፣ ካልጋሪ ነው። ጓደኞቼ በሥራዬ እያሾፉ «ለዶክተር ወንበር! ዶክተር ይለፉ!» ሲሉኝ ሰምተው ተጠጉኝና «ዶክተር፣ ልቤ እየሮጠ ያስቸግረኛል» አሉኝ። ያኔ ሐኪም አለመሆኔን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ምላስዎን ያውጡ» አልኳቸው። በሰው ፊት አወጡ። ፊቴን አኮሳትሬ «ምግብ ትተዋል» አልኳቸው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። «እንዴት አወቁብኝ?» ብለው እንባቸው መጣ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱን መመለስ አቃተኝ።

ረቡዕ የእረፍት ቀኔ በመሆኑ፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ረቡዕ ከረፋዱ 11 ሰዓት ቤታቸው ስሄድ ቆይቻለሁ። የሐኪሙን ቦርሳ ከሙዚየሙ ሳላስፈቅድ እወስድ የነበረ መሆኑን አምናለሁ። ልባቸውን በማዳመጫ አዳምጣለሁ። «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ሆሣዕና ለምን እሑድ ብቻ ትደውላለች ይላል» እላቸዋለሁ። «ውሸታም ልብ! ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው» ይሉኛል። ሚንት ከረሜላ ገዝቼ፣ መጠቅለያውን አውልቄ፣ በነጭ ወረቀት እያሰርሁ ሰጥቻቸዋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ብቻ፣ በባዶ ሆድ ከወሰዱት ኃላፊነት የለብኝም ብዬ አስጠንቅቄአቸዋለሁ። ሌላ ምንም መድኃኒት አልሰጠሁም፤ ያላቸውንም እንዲተዉ አላዘዝሁም። መብላት ጀመሩ። በዲሴምበር ቀሚሳቸው ልክ ሆነ። ኮንስታብሉ ከዚህ ምን ጥቅም እንዳገኘሁ ጠይቆኝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ምሳዬን ከሰው ጋር መብላቴን ገልጫለሁ።

ረቡዕ ፌብሯሪ 5 ቀን በተለመደው ሰዓት ስደርስ በሩ እንደወትሮው ለእኔ ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ አፋቸው ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው ዝሎ አገኘኋቸው። በ11:10 ወደ 911 ደወልሁ። በ11:22 ሁለት የአምቡላንስ ባለሙያዎች ገቡ። አንደኛዋ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልሁ። መሳቢያውን ስትከፍት፣ ፋርማሲው በየሳምንቱ የሚያመጣላቸው የደም ግፊት ኪኒን ከኦክቶበር ጀምሮ ሳይነካ ተደርድሮ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የወረቀት ጥቅል አንስታ «ይህስ ምንድን ነው? ማን ሰጣቸው?» አለችኝ። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም አልሁ። ይህ ደቂቃ እንዲጻፍ ራሴ ጠይቄያለሁ። ከዚያ አንዱን ፈትቼ አፌ ውስጥ ከተትሁና በእንግሊዝኛ «ከረሜላ ነው፤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አልሁ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ አልገባቸውም። በዚያው ዕለት ማታ ፖሊስ ቤቴ መጥቶ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ሕንፃው እንዳልሄድና ሐኪም ነኝ እንዳልል አዞኛል።

እሑድ ፌብሯሪ 9 ቀን ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ሆሣዕና ከሆስፒታል ደወለችልኝ።

«ጋሼ ሰላሙ፣ የከሰስኩዎት እኔ ነኝ። ክሱንም አልተውኩም» አለችኝ።

«ደግ አደረግሽ» አልኳት።

«ኪኒኑን እምቢ አለች። መድኃኒት ከመድኃኒት አይደባለቅም፣ የያዝኩት አለኝ፣ ዶክተሬ ይጠየቅ ነው የምትለው። እነዚህን ሐኪሞች አንዳቸውንም አታምንም። ስትሮኩ ሁለተኛ ከመታት አትተርፍም እያሉኝ ነው፣ ጋሼ።»

ኪኒኑን ለምን እንደተዉት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የአገራችን ሰው አንድ መድኃኒት ከጀመረ ሌላውን እንደሚተው ሳላውቅ የቀረሁ ሰው አይደለሁም፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ዶክተር ዋልግሬቭ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ልጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኋቸውም።

«ምን ልበላቸው? እውነቱን?» አልኳት።

«የምትውጥበትን ይበሏት» አለችኝ።

ስልኩ ሲሰጣቸው «እትዬ ኤልፍነሽ፣ ዶክተር ሰላሙ ነኝ» አልሁ። የፖሊስ ትእዛዝ መኖሩን እያወቅሁ ነው ያልሁት። «የወረቀቱን መድኃኒት ጨርሰዋል። ከዛሬ ጀምሮ የሚወስዱት የእነሱን ብቻ ነው። በሉ፣ እየሰማሁ ይዋጡት።» ውኃ ሲጠጡ ሰማሁ። ሆሣዕና ከጎን «ዋጠች» አለች። ቀጥለው ወይዘሮ ኤልፍነሽ ምላሳቸው እየከበዳቸው «ረቡዕ ይመጣሉ?» አሉኝ። እንዳይጠብቁኝ ብዬ «ተዛውሬያለሁ እትዬ፤ ሌላ አውራጃ መደቡኝ» አልኳቸው። ሐኪም ሲለመድ መዛወሩ በአገራችን የታወቀ ስለሆነ አልተጠራጠሩኝም።

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።» ከሆስፒታሉ በሰብዌይ ባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ቦታ ላይ ነበርሁ።

«ይቅናዎ እንግዲህ። በሄዱበት አብሮዎት የሚበላ ሰው አይጡ» ብለው መረቁኝ። «አሜን» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልደወልሁም።

ቀልድ ነበር ብዬ እንድገላገል የመከሩኝ ጓደኞች አሉ። እሳቸው የማያውቁት ስለሆነ ቀልድ አልነበረም። በኦክቶበር ሐኪም በመምሰሌ አፍራለሁ፤ እሑድ ዕለት ዶክተር ነኝ በማለቴ አላፍርም። ሁለቱም ተጽፈው ይያዙልኝ።

የሰጠሁት ቃል በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። እኔ ያላልሁት አልተጨመረበትም፤ ያልሁትም አልቀረም፤ እውነትነቱን በፊርማዬ አጸናለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሰላሙ ገብረክርስቶስ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ኮንስታብል ኤልሮኢ ተክለ ማርያም (ፊርማ)