የጎደለችው ወንበር

ክቡር ጋሼ የፋብሪካችን ባለቤት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲሁም ብዙም ክቡር ያልሆናችሁ የብርጭቆ ወረቀት ጓደኞቼ!

ለለስላሳውና ለኬኩ አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ «ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚገላግለን?» ስትሉ ለነበራችሁ፣ ይኸው ቀኑ ደረሰላችሁ። ከነገ ጀምሮ ሹፌር ነኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ ግን ተቀምጠው ነው የሚሠሩት!

ትስቃላችሁ? ወንበር ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ምሳ የበላሁ ሰው ነኝ እኮ። «ያለቀ ወንበር ላይ ከደንበኛ በፊት ማንም አይቀመጥም» ይላል የቤቱ ሕግ። ዕድለኛው የቀለም ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፤ ሌላው ግድግዳ ይደገፋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ቀናተኛ ነኝ። በጋሼ መኪና አልቀናም። እሺ፣ ዋሸሁ፣ ትንሽ እቀናለሁ። የባሰብኝ ግን አምና ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ወንበር የሰጡ ቀን ነው። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ «ዕድሜ ይስጥዎ» ሲላቸው አንጀቴ እርር አለ። እኔ ደግ ልሁን ብል ማን ፎቶ ያነሣኛል? በልጆቹም ቀናሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት አንድ አግዳሚ ላይ ለሦስት ተጣብበን ነዋ! በወንበሮቹም ቀናሁ። እነሱ ፕላስቲክ ለብሰው ሲንደላቀቁ፣ አባባ፣ አንጋፋው አናጺያችን፣ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ለአባባ አንዷን ቢፈቅዱላቸውስ?» አልኩ።

«ለእሳቸው ከፈቀድኩ ነገ ሁላችሁም ልትቀመጡ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሂድ ወደ ሥራህ፣ አንተ ቀልደኛ!»

ያን ቀን ብቻ አልቀለድኩም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሲቆጥር አንድ ወንበር ጎደለ። ጥርጣሬው ዘበኛችን ላይ ወደቀ፤ እስከ ዛሬ ሲወጣ ቦርሳው ይፈተሻል። ፈታሹ ሲፈተሽ አይቼ በመጀመሪያው ቀን ስቄአለሁ። አሁን ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

የወሰድኳት እኔ ነኝ። ከበር አልወጣችም። መደገፊያዋን ነቅዬ፣ እግሯን በመጋዝ አሳጥሬ፣ ጆንያ አለበስኳትና «አባባ፣ ሣጥን አገኘሁልዎ» አልኳቸው። ጋሼ፣ በየቀኑ አጠገቧ ያልፋሉ። አባባ አሁንም እሷ ላይ ናቸው።

ኧረ አባባ፣ አይነሡ!

ለትምህርት ቤቱ ምትክ ትሁን ብዬ ይቺን ወንበር በየእሑዱ ከተጣለ ቁርጥራጭ ሠርቻለሁ። ትንሽ ትንገዳገዳለች፤ በሠሪዋ ወጥታ ነው።

ጋሼ፣ አባባን እኔ «ይቀመጡ» ስላቸው ሌብነት ሆነ። እርስዎ ቢሏቸው ደግነት ይሆናል። ያው ቃል ነው እኮ! ከሀብትዎ ሁሉ አብዝቼ የምቀናው በዚህ ነው።

እንግዲህ ዘበኛችን ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳውን ዘግቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይውጣ። ጓደኞቼ፣ ወገባችሁ ይጽና፤ ቀሪው ዘመናችሁ የዕረፍት ይሁን። ጋሼ፣ ለእርስዎም ጤና ይስጥልኝ። አባባ ግን ይኸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አፍ አፍዎን እያዩ ነው።

«ይቀመጡ» ይበሏቸው። ጭብጨባውን እኔ እጀምራለሁ፤ እየቀናሁም ቢሆን።