ስቶፕ የተፈቀደለት ጌም

«አቦ፣ ስቶፕ የለም!» ብዬ አንዱ ደንበኛ ላይ ጮህኩበት፤ ጆይስቲኩን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም። ገንደ ቆሬ ሰፈር ያለው ጌም ቤታችን ውስጥ፣ የኳስ ጌም መሃል ላይ ስቶፕ ብሎ ጨዋታውን ማቆም ጸብ ነው፤ ጎል ሊገባበት የደረሰ ፈሪ ነው የሚያደርገው። የተከፈተው ግን ኳስ አልነበረም። ከተማ እየገነባህ ጦር የምታዘምትበት የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ለፕሌይስቴሽን ሲያወጡት አለቃዬን አብዲን ለምኜ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። የሞከረው ሁሉ ወዲያው እየተሸነፈ ወደ ኳሱ ሲመለስ፣ አብዲ «ዛሬም ሰው ካልወደደው ጌሙም አንተም ትወጣላችሁ» ብሎኛል።

ስቶፕ ያደረገው ሰውዬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠራው፤ ይሄንኑ ጌም ቤቱ በማውስ ይጫወተዋል። ዞር ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ማውስ በሌለበት ሳታቆመው ጦሩን እንዴት ልታዝ ነው? እንዲቆም አድርገው እኮ ነው የሠሩት» አለኝ። እውነትም ጦሩ ሁሉ ቀጥ ብሏል። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ትእዛዞቹ ክብ ሠርተው ወጡ፤ ረጋ ብሎ መረጠ፣ ስቶፑን ለቀቀ፣ ጦሩ ነጎደ። ሳቄ መጣ፤ ለካ ሁላችንም የተሸነፍነው «ስቶፕ የለም» በሚለው በገዛ ሕጋችን ነው! ኳስ ተጫዋቾቹ ወንበር እየጎተቱ ሲከቡት እፎይ አልኩ። በኋላ አብዲ ራሱ ጆይስቲኩን ያዘ። ደንበኛ መጣ ብዬ ብጠራው ዞርም አላለ።

«አቦ ተወኝ፣ ጦርነት ላይ ነኝ! አንተ አስተናግደው፤ ነገም በጠዋት መጥተህ ክፈት» አለኝ።